የኦርዮ ደብዳቤ

መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ኦርዮን አይረሳውም። ንጉሥ ዳዊት ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ደብዳቤ ጻፈና በራሱ በኦርዮ እጅ ላከው። ደብዳቤው የያዘው ኦርዮ የሚሞትበትን ዘዴ ነበር። ምስኪኑ ወታደር የሞቱን ወረቀት ይዞ መንገዱን ሁሉ አቋርጦ በታማኝነት አደረሰ። በማስተምርበት ዘመን ይህን ታሪክ የማነሳው ጽሑፍ ሁሉ ተቀባይ እንዳለው፣ ተሸካሚውና ተቀባዩም ሁልጊዜ አንድ ሰው እንዳልሆኑ ለማሳየት ነበር። አሁን አሁን ግን ኦርዮ ትዝ የሚለኝ መንገድ ላይ ነው። ትልቅ ፖስታ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር።

ፖስታው ውስጥ ያለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጠቆር ያለ ትልቅ ፊልም፣ ሁለተኛው አንድ ወይም ሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። በምርመራ ማዕከሉ መስኮት በኩል ፖስታውን የምታቀብለው ልጅ የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ለሐኪምዎ ይስጡት።» በቃ። የሐኪሙ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። ራሱን ለወራት ሲፈልጠው የከረመ ሰው፣ የጭንቅላቱን ፍርድ በማያውቀው ቋንቋ ተጽፎ ብብቱ ሥር ይዞ፣ ስድስት ሌሊት እንዲያድር ተፈርዶበታል ማለት ነው።

ይህ ነውር ነው እላለሁ። የአሠራር ክፍተት፣ የአቅም ውስንነት ምናምን የሚሉት ነገር አይደለም። ነውር ነው።

እንግሊዝኛ ያውቃል ተብዬ የሰፈሬ ውጤት አንባቢ ከሆንኩ ሰንብቻለሁ። ድሮ በየመንደሩ ከክፍለ ሀገር የመጣ ደብዳቤ የሚያነብ አንድ ተማሪ ይጠፋ ነበር? ይኸው በስተርጅና ያንን ሥራ ወርሻለሁ። ልዩነቱ ያ ልጅ የሚያነበው «ላሚቷ ወለደች፣ ዝናቡ ዘገየ» የሚል ሲሆን እኔ የሚቀርብልኝ «ኢንፋርክት»፣ «አትሮፊ»፣ «ሊዥን» መሆኑ ነው። እኔ እኮ ያስተማርኩት ልቦለድና ግጥም ነው! ቢሆንም «ጋሼ፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ» ብሎ የመጣን ሰው ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ አንዲት ጎረቤቴ መጣች። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እያስረከበች ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። የራስ ምታቱ ቆየት ብሎባታል፤ የመጨረሻዎቹን ወራት ግን በየቀኑ ሆነ፤ ሻሽ አጥብቃ አስራ ነው ምጣዱ ፊት የምትቀመጠው። ዳማከሴውም ጠበሉም ተሞክሯል። በመጨረሻ ኤምአርአይ ታዘዘላት፤ የዕቁብ ገንዘቧን ይዛ ሄደች።

«ጋሼ፣ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?» አለችኝ ገና ከበሩ ሳትገባ።

«ምን ሆነሽ? ቁጭ በይ እስቲ።»

«አንጎሌ ውስጥ ሲስት አለ ይላል። ትልቁ ልጄ ስልኩ ላይ አየው። ለእኔ ሳይነግረኝ ሲያለቅስ ደረስኩበት።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። «አራክኖይድ ሲስት» ይላል እውነትም። ከሥሩ ግን «ኢንሲደንታል» የሚል ቃል አለ፤ «ኖ ማስ ኢፌክት» የሚልም አለ። የመጀመሪያው፣ የተፈለገው ሌላ ሆኖ በአጋጣሚ የታየ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የታየው ነገር አንጎሉን አልተጫነም፣ አልገፋም ማለት ነው። አራክኖይድ ሲስት ራሱ በአንጎል ሽፋኖች መሐል ያለች፣ ውኃ በመሰለ የጠራ ፈሳሽ የተሞላች ከረጢት ናት። አብዛኛውን ጊዜ ከውልደት ጀምሮ የምትኖር፣ ብዙዎቹ ባለቤቶቿም ሳያውቋት ኖረው የሚሞቱ። ልጁ ሦስቱን ቃላት አላነበበም ማለት አይደለም። አንብቧል። የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚያለዝብ የሚነግረው ሰው ነው ያጣው። ማንበብ ማለት ደግሞ ያ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ግድም የተከፈለኝ እሱን ለማስተማር ነበር።

ሐሙስ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው። ፖስታውን ተቀብሎ ሳይከፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ለራስ ምታትሽ ምን ትወስጃለሽ እናቴ?»

«ፓራሲታሞል። ሲብስብኝ ዳይክሎፌናክ።»

«በቀን ስንት?»

«ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። ሥራ ሲበዛ እጨምርበታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ወዲህ።»

ከጥምቀት እስከ ነሐሴ! ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በትንሽ መብራት የዓይኗን የኋላ ክፍል አየ፤ እጅና እግሯን ፈተሸ፤ የምትጋግርበት ቤት ጭስ መውጫ እንዳለው ጠየቃት፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ፊልሙን ያወጣው። ነገሩን በአማርኛ አስረዳት። የራስ ምታት ማስታገሻ በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወር አልፎ ከተወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፤ ሰውየው ያንን ለማስታገስ ሌላ ይውጣል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል። ሲቆም መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ይብሳል፣ ከዚያ ይለቃል፤ በምን ሁኔታ እንደምታቆምም ነገራት። «ይህቺ ከረጢት ደግሞ ከእናትሽ ሆድ ይዘሻት የወጣሽ ናት፤ ተያት» አላት። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ 12 ደቂቃ ነው የፈጀው። መልሱ ከሥዕሉ አልተገኘም። የተገኘው «ምን ትወስጃለሽ?» ከሚል አንድ የአማርኛ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ማሽኑን እንዳላማ ልጠንቀቅ። ሲቲ ስካን የሚባለውን የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ነው። የሚሠራውም ኢኤምአይ በሚባለው፣ የዘፈን ሸክላ በማሳተም በሚታወቀው ኩባንያ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያዋ ታማሚ ጭንቅላት በለንደን በዚህ መሣሪያ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ በ1979 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ከተወለደው ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት። ሲቲ የሚጠቀመው ኤክስሬይ ነው፤ አጥንትና ትኩስ የፈሰሰ ደም ነጭ ሆነው ይታያሉ፣ ውኃማው ነገር ይጠቁራል። ስለዚህ በድንገት ለወደቀ፣ ለተመታ፣ ደም ፈሶበታል ተብሎ ለተጠረጠረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት የሚያድን መሣሪያ ነው። ኤምአርአይ ደግሞ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ፣ በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን እያነቃነቀ ለስላሳውን ሥጋ አጥርቶ ያሳያል። ጨረር የለውም፤ ጩኸቱ ግን ጉድ ነው። ሁለቱም ድንቅ ናቸው። ነገር ግን የሚያሳዩት ቅርጽን ነው። ሕመምን አያሳዩም። ማይግሬን በፊልም ላይ አይወጣም፤ ከውጥረት የሚመጣው ራስ ምታትም አይወጣም፤ በጾም ቡና የተከለከለ ሱሰኛ ጭንቅላትም ማሽኑ ውስጥ ቢገባ እንደማንኛውም ጭንቅላት ነው የሚታየው። እነዚህ የሚታወቁት ታማሚውን በማናገር ነው።

ታዲያ ከነውሩ ሁሉ ትልቁ ነውር «ምንም የለብህም» የሚለው መልስ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «አንሪማርከብል» የሚለውን ቃል አይቶ «ምንም የለብህም፣ ሂድ» ይላል። እንዴት ምንም የለብኝም? ራሴን እያመመኝ ነው እኮ የመጣሁት! «ሥዕሉ ላይ ምንም አልታየም» እና «ምንም የለብህም» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ታማሚውን ወይ ውሸታም ያደርገዋል ወይ እብድ። እሱም ያችን ፖስታ ይዞ ወደ ሌላ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ ሌላ ማሽን፣ ከዚያ ወደ ጠንቋይ ይሄዳል።

የከፋው ደግሞ እውነተኛ አደጋ ሊያመልጥ መቻሉ ነው። የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ያለ ዕጢ የሚጨምርበት ሕመም አለ፤ በብዛት የሚታየው በመውለጃ ዕድሜ ባሉ፣ ክብደታቸው በጨመረ ሴቶች ላይ ነው። ስካኑ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ የሚያጋልጠው የዓይንን ኋላ ማየት ነው፤ ችላ ከተባለ ብርሃን ያጠፋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ከበር ጉበን ጋር ትንሽ ይጋጫል፤ ያን ቀን የተነሣው ሲቲ ንጹሕ ይሆናል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ደም በዝግታ ተጠራቅሞ አንጎሉን ይጫናል፤ ራስ ምታቱ እየባሰ፣ አነጋገሩ እየተምታታ ይሄዳል። ቤተሰቡ «ተነሥቶ ነበር እኮ፣ ምንም የለብህም ተብሏል» ይላል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት የአምናን ፊልም ምስክር አይቀበልም። ይህን ማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

በተቃራኒው ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ሁሉ ደግሞ በሽታ አይደለም። በሆላንድ ሮተርዳም 2,000 የሚሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 63 የሆነ ነዋሪዎች በኤምአርአይ ታይተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። 7 በመቶ በሚሆኑት ላይ ራሳቸው ሳያውቁት ያለፈ የአንጎል ደም መቋረጥ ጠባሳ ተገኘ፤ 1.8 በመቶ በሚሆኑት የደም ሥር እብጠት፣ 1.6 በመቶ በሚሆኑት አደገኛ ያልሆነ ዕጢ። ሰዎቹ ያን ቀን ወደ ቤታቸው የሄዱት በእግራቸው ነው። «ሊዥን» ማለትም ካንሰር ማለት አይደለም፤ ከአካባቢው የተለየ ሆኖ የታየ ነገር ማለት ነው። እኛ አገር እንዲያውም ዙሪያው እንደ ቀለበት የሚያበራ ሊዥን የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋሲ አንጎል ውስጥ የሠራው፣ ወይም ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ቶክሶፕላዝማ ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ስልክ ላይ የሚፈልግ ልጅ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ዕጢ ነው። «አትሮፊ» የሚል ቃል አይተው አንጎሌ እየበሰበሰ ነው ብለው እህል የተዉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌም አውቃለሁ። በዕድሜ የሚመጣ መሳሳት ነው፤ ፀጉር እንደሚሳሳው። (ቁርጥ በልቶ የኮሶ ትሉ አንጎሌ ገባ ብሎ የሚጨነቅም አይጠፋም። የከብቱ ኮሶ ወደ አንጎል አይሄድም፤ የሚሄደው የአሳማው ነው።)

ከወረቀቱ የሚብስም አለ። ወረቀቱ እውነት ክፉ ነገር ሲይዝ የሚሆነው ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ አማርኛ ይመጣለታል፤ ግን ለታማሚው አይደለም። «ልጁን ላናግረው፣ እርስዎ ውጭ ይቆዩ።» አርባ ዓመት ቤቱን ያስተዳደረ ሰው በገዛ ጭንቅላቱ ጉዳይ ኮሪደር ላይ እንዲጠብቅ ይደረጋል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው። የአንጎል ዕጢ ነበረበት፤ ሊነሣ የማይችል። ሚስቱ ታውቃለች፣ ወንድሞቹ ያውቃሉ፣ እኛ እናውቃለን። ለእሱ «ትንሽ እብጠት ናት፣ በመድኃኒት ትጠፋለች» ተባለ። በየጊዜው ስንጠይቀው «መስቀል አልፎ ሲሻለኝ ወረቀቶቼን መልክ አስይዛለሁ» ይል ነበር። ለሃያ ዓመት የሰበሰበው የቃል ግጥም ሥራ ሦስት ካርቶን ሙሉ ነው። አንዱ ግጥም አራት ዓይነት ሆኖ ተጽፏል፤ የትኛው እንደ ጸና የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። መስቀል አልደረሰም። ካርቶኖቹ ዛሬም የልጁ ቤት አልጋ ሥር ናቸው፤ እየሄድኩ እያቸዋለሁ፤ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

«ባህላችን ነው፣ ክፉ ወሬ አይነገርም» ይሉኛል። ባህላችን ማን ነው ያለው? ባህላችን መርዶ የሚባል ነገር ያለው ሕዝብ ነን እኮ! ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓቱ ታስቦ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ቤት ተንኳኩቶ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ክፉ ወሬን እንዴት እንደሚነግሩ የሚያውቅ ባህል ነው ያለን። የጠፋው እሱ ነው። ዛሬ ሰው መርዶውን የሚሰማው ታክሲ ውስጥ፣ ከስልክ፣ ከማያውቀው ቋንቋ ነው። ታማሚውም ዕዳውን የሚከፍልበት፣ የተቀየመውን የሚታረቅበት፣ ንስሐ የሚገባበት ጊዜ ይሰረቃል። «አልፈልግም፣ ለልጄ ንገሩት» ካለ መብቱ ነው። ግን ይጠየቅ!

የሐኪሞቹን መልስ አውቀዋለሁ፤ ብዙዎቹ ወዳጆቼ ናቸው፣ አንዳንዶቹም አንደኛ ዓመት ላይ ድርሰት ያረምኩላቸው። «በቀን ስንት ሰው እንደምናይ ታውቃለህ?» ይላሉ። አውቃለሁ፤ ወረፋው ውስጥ ተቀምጫለሁ። «ሕክምና የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው» ይላሉ። ይሁን፤ ሐኪም ለሐኪም የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ይቀጥል፤ ለቃላቱ ሁሉ ማንም የማያውቀው አቻ ፍጠሩ አላልኩም። እንዲህ ያለ የቃል ፈጠራ በሌላ ዘርፍ ምን እንዳደረገን አይቻለሁ። የምለው ሌላ ነው። ያ ወረቀት ሁለት አንባቢ አለው፤ የተጻፈው ግን ለአንዱ ብቻ ነው፤ ገንዘቡን የከፈለው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

እኛ ታካሚዎችም ንጹሕ አይደለንም። ማሽን ውስጥ ካልገባን የታከምን አይመስለንም። በደንብ ጠይቆ፣ መርምሮ «ላንተ ስካን አያስፈልግህም» የሚል ሐኪም ካጋጠመን «ይሄ አያውቅም» ብለን እንወጣለን። አንድ የጭንቅላት ሲቲ የሚሰጠው ጨረር ብዙ አይደለም፤ ከአየሩና ከመሬቱ በዓመት ከምናገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ግን በከንቱ የሚወሰድም አይደለም። ለስካን ዕቁብ የምንበላ ሰዎች «ምን ማለት ነው?» ብለን ለመጠየቅ ለምን አፋችን እንደሚታሰር ደግሞ አይገባኝም። ነጭ ጋወን ሲያዩ ጎንበስ ማለት ከፊውዳሉ ዘመን የተረፈን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ነዋሪ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፣ ዋና ዋና ሰነዶቻቸውንም እንዲያስተረጉሙ ያዛል፤ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እዚያ የሄደ ወገናችን ቢሮ ገብቶ «በአማርኛ አስረዱኝ» ማለት ይችላል። እዚህ፣ በራሱ አገር፣ የገዛ አንጎሉ ዜና በአማርኛ አይደርሰውም። በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሶማሊኛም አይደርሰውም፤ የማወራው ስለ አንድ ቋንቋ አይደለም።

የምጠይቀው ማሽን አይደለም፣ በጀትም አይደለም። ሥዕሉን ያነበበው ሐኪም ከእንግሊዝኛው ገጽ ሥር ለባለቤቱ ጥቂት መስመር ይጨምር። እንዴት እንደሚጻፍ ካስቸገረ ደግሞ እኔ ለጎረቤቴ ቢጻፍላት ኖሮ ብዬ ሞክሬዋለሁ፤ አንድ ሐኪም ወዳጄም አይቶ አርሞልኛል፦

«የጭንቅላትዎ ሥዕል ተነቧል። ዕጢ፣ የደም መፍሰስ ወይም የአንጎል እብጠት አልታየም። በስተግራ በኩል የጠራ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ከረጢት ታይታለች፤ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከውልደት ጀምሮ የሚኖር ነው፣ አንጎልዎንም አልተጫነችም። ይህ ምርመራ የራስ ምታትን ምክንያት ሁሉ አያሳይም፤ ስለዚህ ውጤቱን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩት። እስከዚያው ግን በድንገት የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ከትኩሳት ጋር የአንገት መገተር፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ የዓይን መጋረድ ወይም ራስን መሳት ካጋጠመዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።»

ቦታ የለም የሚል ካለ፣ የደረሰኙ ጀርባ ባዶ ነው።